ቆሻሻ የምንለው ሁሉ ቆሻሻ ነውን?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚጓዝ መንገደኛ የዐባይን በረሃ ወርዶ ከወጣ በኋላ ደጀንን ያልፋል፤ ሉማሜን ያልፋል፤ ደብረ ማርቆስ ከመድረሱም በፊት አምበርን ያገኛል። አምበር የአነደድ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከተማ ትባል እንጂ ከቤቶቹ ጓሮ አንሥቶ ዓይን እስከሚያይበት ድረስ የተዘረጋው ማሳ ስለ ሆነ፥ ነዋሪዋ በአንድ እግሩ አስፋልት፥ በሌላው እግሩ እርሻ የረገጠባት ስፍራ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ መንገድ ስጓዝ የተሳፈርሁበት መኪና ተበላሽቶ አምበር ላይ ማደር ግድ ሆነብኝ። የአንድ ወዳጄ እናት በዚያው ይኖሩ ነበርና እንደ ልጃቸው አድርገው ተቀበሉኝ። በማግሥቱ ጧት ቁርስ ቀርቦ ከተበላ፥ ቡናውም እስከ በረካው ከተጠጣ በኋላ፥ ከመንገድ ይዤው የመጣሁትን ባዶ የውሃ ፕላስቲክ በእጄ ይዤ ወደ ደጅ ወጣሁና፥ «እናቴ፥ ይህን የት ልጣለው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

እሳቸው ወዲያው አልመለሱልኝም። ወደ ግራ አዩ፤ ወደ ቀኝ አዩ፤ ጥቂት አሰቡ። በመጨረሻም እንደ ማፈር ብለው፥ «አይ ልጄ፥ ለሱስ ስፍራ የለውም። በል እዚያ ከአጥሩ ሥር ወርውረው» አሉኝ።

ይህ መልስ ለጊዜው ተራ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን የተባለውን አጥር ለመፈለግ ግቢውን ስዞር ዓይኔ አንድ ነገር አስተዋለ። በዚያ ግቢ ውስጥ ስፍራ የሌለው ያች ፕላስቲክ ብቻ ነበረች። ሌላው ሁሉ በየስፍራው ነው። ከምድጃ የታፈሰው አመድ በአሮጌ እንስራ ስባሪ ተጠራቅሞ ለጎመኑ መደብ ይጠብቃል። የጠላው አተላ በገበቴ ሆኖ ላሚቱ እየጠጣችው ነው። የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ ለብቻው ተከምሮ፥ በግ የሚበላውን በግ በልቶ የቀረው ወደ ፍጉ ክምር ይሄዳል። እበቱ ኩበት ሆኖ ይደርቃል፤ ጭዱ ለግድግዳ ምርጊት ተቀምጧል። የተሰበረው ገንቦ ገል ሆኖ ፍም ይጫርበታል። የዘይቱ ቆርቆሮ ጣሳ ሆኖ እህል ይሰፈርበታል። ጠርሙሱ አረቄ ይዟል። ያለቀለት ነጠላ ተቆራርጦ የምጣድ ማሰሻ ሆኗል። የእኛን የጋዜጠኞችን ልፋት እንኳ ቢሆን እሳቸው ጋ ስፍራ አላጣም፤ አንድ ገጽ ጋዜጣ ተጠቅልሎ ጥቁር አዝሙድ ታስሮበት አይቻለሁ።

እንግዲህ እኒህ እናት ስለ ቆሻሻ አያያዝ ስብሰባ አልተሰበሰቡም፤ ሥልጠናም አልወሰዱም። ነገር ግን ዛሬ በየአገሩ ያሉ የከተማ አስተዳደሮች በቀለም በተለዩ በርሜሎች ሕዝባቸውን ሊያስተምሩት የሚደክሙበትን ነገር ዕድሜ ልካቸውን ሲሠሩት ኖረዋል። ይኸውም፥ ከቤት የሚተርፈውን ነገር በየዓይነቱ ለይቶ እያንዳንዱን ወደሚጠቅምበት ስፍራ መስደድ ነው።

በዛሬው ጽሑፌ ለአንባቢዎቼ ማሳሰብ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ቆሻሻን ለይቶ ማስቀመጥ ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ትምህርት አይደለም፤ የአባቶቻችንና የእናቶቻችን የቤት አያያዝ ነው። እንግዳ የሆነው መለየቱ ሳይሆን መደባለቁ ነው።

ይህን የሚጠራጠር ሰው ቢኖር ወደ አውድማ ይውረድ። የጎጃም ገበሬ ጤፉን አበራይቶ በነፋስ ሲያዘራ ምርቱን ለብቻ፥ ጭዱን ለብቻ፥ እብቁን ለብቻ ያደርጋል እንጂ ሁሉንም በአንድ ጆንያ ከትቶ ወደ ቤቱ አይገባም። ከዚያም ወደ ማድ ቤት ይግባ። የቤቲቱ እመቤት ምስሩን በሰፌድ ዘርግታ ከምስሩ ጋር በመልክም በመጠንም የሚመሳሰለውን ጠጠር አንድ በአንድ ትለቅማለች። ከምስር መካከል ጠጠር መልቀም የቻለች እጅ ከልጣጭ መካከል ፕላስቲክ መልቀም ያቅታታልን? ከቶ አያቅታትም። ያጣነው ዕውቀትም ችሎታም አይደለም። ያጣነው ልማዱ ከአዲሱ ዕቃ ጋር አብሮ አለማደጉን ነው።

ነገሩን ያበላሸው ምንድን ነው ቢሉ፥ ፌስታል ነው። ድሮ ሰው ገበያ ሲወርድ ዘንቢሉን፥ እንቅቡን፥ ስልቻውን ይዞ ይወርድ ነበር። ፌስታል ከመጣ ወዲህ ባዶ እጁን ወርዶ በእያንዳንዱ ጣቱ አንዳንድ ፌስታል አንጠልጥሎ ይመለሳል። ይህም ብቻ አይደለም። እንደ ዘንቢሉ ታጥቦ፥ ተጠግኖ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ስላልሆነ ያ ፌስታል ማታውኑ ሌላ ሥራ ያገኛል። ልጣጩ፥ አመዱ፥ የባትሪው ድንጋይ፥ የተሰበረው ብርጭቆ፥ የመድኃኒቱ ብልቃጥ ሁሉ ባንድነት ይታጨቅበትና፥ አፉ ይቋጠርና፥ በጨለማ ወደ ፈፋ ይወረወራል።

አንባቢ ሆይ፥ እስቲ ያን ቋጠሮ ፈትተን እንመልከተው። ልጣጩ ለብቻው ቢሆን መኖ ነበር፤ ቢበሰብስም ማዳበሪያ ነበር። አሁን ግን የብርጭቆ ስባሪ ስላለበት ለከብት አይሰጥም። አመዱ ለብቻው ቢሆን ለመደቡ መልካም ነበር፤ አሁን ግን ከባትሪ ድንጋይ በወጣ መርዝ ርሷል። ወረቀቱ ደረቅ ቢሆን ይፈለግ ነበር፤ አሁን ግን በልጣጩ ውሃ በስብሷል። ፕላስቲኩ ንጹሕ ቢሆን የሚገዛው ነበር፤ አሁን ግን በአመድና በዘይት ስለ ተለወሰ ማንም አይነካውም። አራት ጥቅም ያላቸው ነገሮች በአንድ ፌስታል ገብተው አራት ጥቅም የሌላቸው ነገሮች ሆኑ። እንግዲህ ቆሻሻ የሚፈጠረው ከጣልነው ጊዜ ጀምሮ ሳይሆን ካደባለቅነው ጊዜ ጀምሮ ነው ብል አልተሳሳትሁም።

ይህ ነገር የንጽሕና ጉዳይ ብቻ ቢሆን ምናልባት ታግሠን ልናልፈው በቻልን ነበር። ነገር ግን ሀብትም የሚነካ ነው። በዚያው በአምበር አካባቢ ያገኘሁት አንድ ገበሬ ያጫወተኝን ልንገራችሁ። ከጥማድ በሬዎቹ አንዱ መኖ እንቢ ይላል፤ ይከሳል፤ ሆዱ ግን ይነፋል። መድኃኒት ቢሰጠው፥ ሐኪም ቢያየው አልሆነም። በመጨረሻ ከመሞቱ በፊት ሲታረድ ከጨጓራው ውስጥ እንደ ጨርቅ ኳስ የተጠቀለለ የፌስታል ድብልብል ወጣ። ከብት ምግብ የነካውን ፌስታል ጨው ጨው ሲለው ይውጠዋል። ፌስታል ደግሞ በጨጓራ አይፈጭም፤ ወደ ታችም አይወርድም፤ እየተከማቸ መንገዱን ይዘጋል። «የኔ ጌታ፥ በሬዬን ጅብ ቢበላብኝ ኖሮ ዕድሌ ነው እል ነበር። የገደለብኝ ግን ከከተማ በነፋስ የመጣ ከረጢት ነው። ማንን ልክሰስ?» አለኝ። አንድ በሬ ለብቻው አያርስምና በዚያ ክረምት ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ በመቀናጆ አረሰ፤ ተራው እስኪደርሰውም የዘር ጊዜው እየሸሸው ሄደ። የአንድ ቤት ፌስታል የሌላውን ቤት እርሻ እንዲህ አድርጎ ይነካል።

ትልቁ ከተማ ደግሞ ከዚህ የከፋ ትምህርት አለው። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሳይለይ ሲደፋበት የኖረው ረጲ፥ ሕዝቡም በተለምዶ ቆሼ የሚለው ስፍራ፥ ተራራ ሆኖ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ. ም. ማታ ያ ተራራ ተንዶ ከሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ ወደቀ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹም የሚበዙት ሴቶች ነበሩ። አገሩ በሙሉ የሐዘን ቀን ተቀመጠ። በዚያ ስፍራ ብዙ ሰዎች ቆሻሻውን እየፈተሹ ብረቱን፥ ፕላስቲኩን፥ ጠርሙሱን ለቅመው በመሸጥ ይተዳደሩ ነበር። እንግዲህ ልብ እንበል፤ እነዚህ ሰዎች ይሠሩ የነበረው እኛ በቤታችን በንጹሕ እጅ፥ በአንድ ደቂቃ ልንሠራው የምንችለውን መለየት ነበር። እኛ ስላልለየነው እነሱ በግማት ውስጥ ቆመው ለዩልን።

ከዚያ አደጋ በኋላ፥ በ2010 ዓ. ም. መጨረሻ፥ በዚያው በረጲ ቆሻሻ እያቃጠለ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተሠራ ፋብሪካ ተመርቋል። መልካም ነው። ነገር ግን እርጥብ ልጣጭ እንደ ልብ እንደማይነድ ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ እርጥብ እንጨት ያነደደች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። እንግዲህ ለፋብሪካውም ቢሆን የሚሻለው ተለይቶ የመጣው ነው።

አንዳንድ ሰዎች፥ «ሕዝባችን ድኻ ነው፤ ቆሻሻ ለመለየት ጊዜና ትዕግሥት የለውም» ይላሉ። እኔ ግን የሚታየው ነገር ተቃራኒውን ያስረዳል እላለሁ። በአዲስ አበባ በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረውን ሰው የማያውቅ አለን? ቃሉ «ቆርቆሮ ያለው» ከማለት የመጣ ነው ይባላል። ይህ ሰው አሮጌ ቆርቆሮ፥ ብረት፥ ጠርሙስ፥ ጫማ ሲገዛ ይውላል፤ የገዛውም መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ ከዚያ ተጠግኖ፥ ተቀጥቅጦ፥ ወይም ቀልጦ እንደ ገና ዕቃ ይሆናል። የልዋጭ ነጋዴውም አሮጌ ልብስ ተቀብሎ አዲስ ሳፋ ሰጥቶ ይሄዳል። ከመኪና ጎማ የተሠራውን በረባሶ ስንቱ ገበሬ አድርጎት ዳገቱን ወጥቷል! የቢራና የለስላሳ ጠርሙስንም እንመልከት። ባዶው ሲመለስ ዋጋ ስላለው ከአምበርም ይሁን ከሌላ ከተማ በሣጥኑ ሆኖ ወደ መጣበት ይመለሳል እንጂ በፈፋ ተጥሎ አይገኝም። ዋጋ ያለው ነገር መንገዱን ራሱ ያውቃል። ችግሩ ዋጋው ጥቂት በሆነው፥ ወይም ዋጋ መኖሩን ባላወቅንለት ነገር ላይ ነው።

ሕግም ቢሆን አልጠፋም። በ1999 ዓ. ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 እያንዳንዱ የቤተ ሰብ ኀላፊ እንደ ገና ሊያገለግል የሚችለውን ቆሻሻ ከሚጣለው ለይቶ ወደ ተዘጋጀለት ስፍራ እንዲያደርስ አዝዞ ነበር። ስስ የሆነ ፌስታል እንዳይመረትና ከውጭ እንዳይገባም ያኔውኑ ከልክሎ ነበር። ሆኖም ብዙው ሰው ይህን አዋጅ ሳይሰማው ዓመታት አለፉ፤ ፌስታሉም እየበዛ እንጂ እያነሰ አልሄደም። በ2017 ዓ. ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጸደቀ። ሌሎች የአፍሪካ አገሮች በዚህ ቀድመውናል፤ ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008፥ ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2017 ፌስታልን ከልክለዋል። አዋጁ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሕግ የገበያውን በር ሊጠብቅ ይችላል እንጂ በየማድ ቤቱ ገብቶ የቆሻሻ መክደኛ ሊከፍት አይችልም። እዚያ የሚገዛው የቤቱ ባለቤት ኅሊናና ልማድ ነው።

አሁን ወደ አምበር እንመለስና ለከተማዪቱና ለአካባቢዋ ገበሬ የሚጠቅመውን እንመርምር።

በአገራችን ከተሞች ከየቤቱ ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ የሚበልጠው የሚበሰብስ ነገር ነው። ይኸውም ልጣጭ፥ ቅጠል፥ የእህል ጥራጊ፥ የቡና አተላ፥ የምግብ ትራፊ ነው። ይህን ብቻ ከሌላው የለየ ቤት የቆሻሻውን ጣጣ ከግማሽ በላይ ገላገለ ማለት ነው። አምበር ደግሞ እንደ አዲስ አበባ የፎቅ ከተማ አይደለችም፤ አብዛኛው ቤት ጓሮ አለው። የሚበሰብሰው ነገር መኪናም ጋሪም ሳይጠብቅ ከዚያው ከግቢው ሳይወጣ አፈር ሊሆን ይችላል።

አፈሩም ይህን አጥብቆ ይፈልገዋል። የፋብሪካ ማዳበሪያ ዋጋ በተለይ ከ2014 ዓ. ም. ወዲህ ምን ያህል እንደ ከበደ ገበሬው ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። ከዚህም በላይ የጎጃም ደጋ መሬት በብዙ ስፍራ አሲዳማ ሆኗል። ዝናቡ ለዘመናት አፈሩን እያጠበ ኖራ መሰሉን ንጥረ ነገር ይዞበት ሲወርድ፥ አዝመራውም በየዓመቱ ሲታጨድ፥ የተወሰደው ሳይመለስለት ይቀራል። በዚህ ጊዜ ማዳበሪያ ቢጨመርበት እንኳ ሰብሉ እንደሚገባው አይጠቀምበትም። የግብርና ባለሞያዎች ለዚህ የሚያዝዙት መድኃኒት የተፈጨ ኖራ ነው። አንባቢዬ ልብ ይበሉ፤ የእንጨት አመድም በባሕርዩ የኖራ ወገን ነው፤ የአሲድን ኀይል ይሰብራል። ለማሳው ሁሉ የሚበቃ አይደለም፤ ለጓሮ መደብ ግን ይበቃል። ሲነገር እንደ ኖረው አመድ በዱቄት ይስቃል። ነገሩን ካሰብነው ግን በአመድ የሚስቅ ዱቄት የነገውን ዱቄት አያገኝም።

የሚበሰብሰውን ነገር ወደ ብስባሽ፥ ማለት ወደ ኮምፖስት መለወጥ በአገራችን ተሞክሮ የታየ ነው። በ2015 ዓ. ም. ያረፉት ሊቅ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና የሥራ ጓደኞቻቸው በ1988 ዓ. ም. በትግራይ ከገበሬዎች ጋር በጀመሩት ሥራ ኮምፖስት ያገኘ ማሳ የፋብሪካ ማዳበሪያ ካገኘው የማያንስ፥ አንዳንድ ጊዜም የሚበልጥ ምርት እንደሚሰጥ አሳይተዋል። እኒህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2000 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ያገኙ፥ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንንም ለብዙ ዓመታት የመሩ ነበሩ። ከእንዲህ ያለ ሊቅ ዘንድ የተገኘው ትምህርት በመጨረሻው ከአምበሯ እናት ግቢ ካለው የፍግ ክምር ጋር መገናኘቱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አሠራሩም ቀላል ነው። በበጋ እርጥበቱ እንዳይሸሽ በጉድጓድ፥ በክረምት ውሃ እንዳያጥለቀልቀው ከመሬት በላይ በክምር ይሠራል። ጥላ ያለበት ስፍራ ይመረጥና ከሥር ደረቅ ገለባ ይነጠፋል። ከዚያ ልጣጩና እርጥቡ ቅጠል፥ ከዚያ እበት፥ ከዚያ ጥቂት አመድና አፈር እየተደራረበ ይሄዳል። እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አይተኛበት። በየወሩ ይገላበጣል። በሦስትና በአራት ወር ውስጥ ጥቁር፥ ፍርፍር፥ የዝናብ መሬት የሚሸት አፈር ይሆናል። ሥጋና ዘይት አይግባበት፤ አይጥና ውሻ ይጠራልና። የባሕር ዛፍ ቅጠልም አይብዛበት፤ ቶሎ አይበሰብስምና። አመዱን ደግሞ ከዩርያ ጋር አንድ ላይ የሚቀላቅል ሰው ቢኖር ይተው፤ የዩርያው ኀይል በነኖ ይጠፋበታልና።

አሁን ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡብኝ አውቃለሁ። የመጀመሪያው፥ «እኛ ብንለየውስ ምን ዋጋ አለው? የሚሰበስቡት ሰዎች በአንድ ጋሪ ላይ መልሰው ይቀላቅሉት የለምን?» የሚል ነው። ይህ እውነተኛ ቅሬታ ነው፤ በብዙ ከተማም ይታያል። ሰው የለየው ሲደባለቅ ባየ ቁጥር ልቡ ይሰበራል፤ ሁለተኛም አይለይም። ስለዚህ የከተማው ማዘጋጃ ቤት በመጀመሪያ ራሱን ያስተካክል እላለሁ። ሰብሳቢዎቹ ደረቁን በአንድ ቀን፥ ሌላውን በሌላ ቀን ቢወስዱ፥ የሚሸጠውንም ለራሳቸው ሸጠው እንዲጠቀሙ ቢደረግ፥ ከሁሉ በፊት የለየውን ቤት የሚያመሰግኑት እነሱ ይሆናሉ። ሆኖም የሚበሰብሰው ከግቢው ካልወጣ ማንም ሊደባልቀው አይችልምና፥ ትልቁ የሥራ ክፍል በማንም ላይ ሳይንጠለጠል በእጃችን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። «ሦስት ዓይነት በርሜል ከየት አምጥተን?» ይባላል። መልሱ በየቤቱ ጓዳ ተጣጥፎ ተቀምጧል። የማዳበሪያው ባዶ ጆንያ ነው። አንዱን ጆንያ ለፕላስቲክና ለፌስታል፥ አንዱን ለቆርቆሮ፥ ለብረትና ለጠርሙስ ማንጠልጠል ነው። ለባትሪ ድንጋይ፥ ለምላጭ፥ ለመርፌና ለአሮጌ መድኃኒት ደግሞ ልጅ የማይደርስበት መክደኛ ያለው አንድ ጣሳ ይበቃል። ልጣጩ ወደ ጓሮ፤ አመዱ ወደ እንስራው። ይኸው ነው። ፕላስቲኩን ማቃጠል ግን መፍትሔ አይደለም። ጢሱ መርዛም ነው፤ መጀመሪያም የሚገባው በዚያው ግቢ በሚጫወቱት ልጆች ሳንባ ነው።

እዚህ ላይ ለአባወራዎች አንድ ቃል አለኝ። ይህ ሁሉ ሥራ በእናቶችና በሴት ልጆች ጫንቃ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ። አዋጁም ግዴታውን የጣለው በቤቱ ኀላፊ ላይ ነበር። በአውድማ ላይ እህሉን ከጭዱ መለየት የማያሳፍረው ወንድ በቤቱ ውስጥ ጠርሙሱን ከልጣጩ ለመለየት የሚያፍርበት ምክንያት የለም።

ትንሽ ከተማ ምን ታደርጋለች የሚል ቢኖር ደግሞ የጃፓንን ካሚካትሱን ላስታውሰው። ካሚካትሱ በተራራ መካከል ያለች፥ ነዋሪዋ 1,500 እንኳ የማይሞላ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2003 ቆሻሻን ፈጽሞ ላለመጣል ቃል ገብታ ተነሣች። የቆሻሻ መኪና የላትም። የሚበሰብሰውን እያንዳንዱ ቤት በግቢው አፈር ያደርገዋል፤ የቀረውን ነዋሪው ራሱ ወደ አንድ ስፍራ አምጥቶ ከ40 በሚበልጥ ዓይነት ይለየዋል። እንዲህ እያደረገች ከቆሻሻዋ ከአምስት እጅ አራቱን ያህል መልሳ ለጥቅም አውላለች። አምበር ዛሬውኑ 40 ዓይነት ትለይ አላልሁም። ነገር ግን ካሚካትሱ የጀመረችው ከሀብት አለመሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ጓሮና የቆየ ልማድ ላላት ለአምበር ይህ መንገድ ሩቅ አይደለም።

ብቻውን የሚጀምር ይደክማል፤ በኅብረት የሚጀምር ግን ይጸናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እድር ለቀብር የሚሰበሰበውን ያህል በወር አንድ ቀን ለፕላስቲኩ ጆንያ ቢሰበሰብ፥ የአንድ ሰፈር ፕላስቲክ ባንድነት ሲከማች ለነጋዴ የሚያዋጣ ጭነት ይሆናል፤ በአንድ በአንድ ቤት ግን ማንም ሊገዛው አይመጣም። በየትምህርት ቤቱ ልጆች የባትሪ ድንጋይ የሚያጠራቅሙበት አንድ ሣጥን ቢኖር፥ ወረዳውም ተረክቦ ከውሃና ከእርሻ በራቀ ስፍራ ቢያስቀምጠው፥ ከወንዙ ስንት መርዝ ይቀራል! በአስፋልቱ ዳር ያሉት ሻይ ቤቶችና ሆቴሎች ለመንገደኛው አንድ ለፕላስቲክ፥ አንድ ለምግብ ትራፊ የሚሆን ዕቃ ቢያቆሙ፥ አላፊ አግዳሚው ተምሮ ያልፋል። የአውቶቡስ ተሳፋሪዎችም ብንሆን፥ ከመስኮት የወረወርናት ፕላስቲክ የምታርፈው በማንም ምድር ሳይሆን በአንድ ገበሬ የጤፍ ማሳ ላይ መሆኑን እናስብ።

አሁን ስለዚያች ስለ ውሃ ፕላስቲክ ልናገርና ጽሑፌን ልፈጽም። ከአጥሩ ሥር ልወረውራት እጄን ካነሣሁ በኋላ አፈርሁ። ሁሉ ነገር በየስፍራው ባለበት ግቢ ቆሻሻ ያመጣሁ እኔ ነኝ፤ እሳቸው አይደሉም። መልሼ ከቦርሳዬ ከተትኋት። መኪናው ተጠግኖ ጉዞዬን ፈጽሜ ስመለስም ያው ከቦርሳዬ ነበረች፤ የዐባይን በረሃ ወርዳ ወጥታ አዲስ አበባ ገባች። ከሰፈሬ በር «ቆራሌው!» ሲል የሰማሁትን ሰው ጠርቼ ከሌሎች ጋር ጨምሬ ሰጠሁት። እሱም ያለ አንዳች ነገር ከጆንያው ጨመራት፤ ስፍራዋን አገኘች።

አንዲት ባዶ ፕላስቲክ ስፍራ ለማግኘት ይህን ሁሉ መንገድ መጓዝ አልነበረባትም። ስፍራዋ እዚያው አምበር፥ በእኒያ እናት ግቢ፥ ከአመዱ እንስራና ከአተላው ገበቴ አጠገብ የተንጠለጠለች አንዲት ባዶ ጆንያ መሆን ነበረባት። እናቶቻችን ለዘመናቸው ዕቃ ሁሉ ስፍራ ሰጥተው አቆይተውናል። በእኛ ዘመን ለመጣው ዕቃ ስፍራ የመስጠቱ ዕዳ የእኛ ነው።